ፈቃድ የሌላቸውን የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ፈልጎ ማግኘት

ፓይሬት ሬዲዮ የሚባለው ፈቃድ ሳያወጣ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። እኛ ዘንድ ስውር ሬዲዮ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የተቃዋሚ ድርጅት ጣቢያ ነው፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ማሰራጫውን ራሱ የገጣጠመና የሚወደውን ሙዚቃ የሚያጫውት አንድ ሰው ነው።

የአውሮፓዎቹ በብዛት ከ6200 እስከ 6400 ኪሎኸርዝ ይገኛሉ። ሕጋዊዎቹ የ49 ሜትር ጣቢያዎች 6200 ላይ ስለሚያበቁ ልክ ከአጥሩ ውጭ ተጠግተው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሰፈራቸው 6925 እና አካባቢው ነው፣ የአማተሮች (ፈቃድ ያላቸው የሬዲዮ አፍቃሪዎች) ባንድ ከሚጀምርበት ከ7000 ዝቅ ብሎ። ጉልበታቸው ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ በ20 ዋትና 20 ሜትር በሚያህል ሽቦ ይወጣል። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ሬዲዮ ከፍቶ መጠበቅ ልፋት ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት፣ አሜሪካ ደግሞ በሃሎዊን ሰሞን መሞከር ይሻላል።

ሜትር ባንድ እያዞረ ያደገ ሰው ጆሮው ይረዳዋል። ዜና የለም፣ የሰዓት ምልክት የለም፣ ዘፈን በዘፈን ላይ ይከተላል፣ ስሙን አንዴ ጠርቶ ድንገት ይጠፋል። ድምፁ በአፍንጫ የሚናገር ሰው መስሎ ከተንጫጫ ጣቢያው ኤስኤስቢ በሚባል፣ ከተለመደው ኤኤም በተለየ ዘዴ ነው የሚያሰራጨው፤ አሜሪካኖቹ ይህን ይወዳሉ፣ ተራ ሬዲዮ ግን አይፈታውም። አንድ ወጥመድም አለ። ብዙ ርካሽ ሬዲዮኖች ኃይለኛ ጣቢያን ከትክክለኛ ቦታው 910 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርገው ደግመው ያሰማሉ። 7205 ላይ ያለ ሕጋዊ ጣቢያ 6295 ላይ ብቅ ይላል፣ አንተም ፓይሬት ያገኘህ መስሎህ ትደሰታለህ።

ታሪኩን ካነሳን ዝነኞቹ መርከብ ላይ የነበሩት ናቸው። ሬዲዮ ካሮላይን በ1964 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ዳርቻ ጀመረ፣ እሱ ግን መካከለኛ ሞገድ ነበር። እንግሊዞች በ1967 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጡ፤ ካሮላይን ግን ከሕጉም በኋላ ማሰራጨቱን ቀጠለ፣ ወኔው ይደነቃል። በሐምሌ 1987 ደግሞ ሣራ የተባለች መርከብ ኒውዮርክ አጠገብ ከሎንግ አይላንድ ወጣ ብላ ቆማ በኤፍኤም፣ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ኒውዮርክ ኢንተርናሽናል እያለች ማሰራጨት ጀመረች። ጥቂት ቀን ብቻ ነው የቆየችው፤ የአሜሪካ ባሕር ጠባቂዎችና የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ሰዎች ወጥተው ዘጉት። መርከቧ ከአሜሪካ የባሕር ክልል ውጭ ስለነበረች መብት አላቸው የላቸውም የሚለው ያኔም አከራክሯል።

በ2020 አሜሪካ ቅጣቱን እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አደረገች። የሕጉ ትርጉም ግን ኤኤምን (ማለትም መካከለኛ ሞገድን) እና ኤፍኤምን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ያም ሆኖ በአጭር ሞገድ ያለፈቃድ ማሰራጨት በሌሎቹ ደንቦች ክልክል ነው።

ከአዲስ አበባ በራስ ሬዲዮ እነዚህን መስማት ይከብዳል። ለዚህ መፍትሔው ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ ነው፤ በኢንተርኔት ማንም በነፃ ያዞረዋል። ባንዱ በስክሪኑ ላይ በሥዕል ይታያል። ከ6200 በላይ እሑድ ጠዋት መሃሉ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ የሚርገበገብ አዲስ መስመር ካየህ እሱን ጫን።