የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምንድን ነው? የአቶም ፎቶማ አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የዲፍራክሽን ግራፍ (ኤክስሬይ ናሙና ላይ ሲያርፍ በየትኛው አንግል ምን ያህል ጨረር እንደተበተነ የሚያሳይ) አሳይቶ «እያንዳንዱ ፒክ (ሹል ጫፍ) አንድ አቶም ነው» ብሎ ሲያስረዳ አየሁ። ይህ አባባል በጣም ስለበዛ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፒክ ማለት አቶም ከሆነ የገበታ ጨው ለምን ያን ሁሉ ፒክ ያወጣል? ያሉት ሶዲየምና ክሎሪን ብቻ ናቸው። መስታወትስ? ሹል ፒክ የለውም፤ የሚታየው ሰፊ ጉብታ ነው። አቶም የለውም ልንል ነው?

ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። የአቶሙ እምብርት፣ ኒውክሊየስ፣ በጣም ከባድ ስለሆነ ድርሻው ከቁጥር አይገባም። መበተኑ ኢላስቲክ ሲሆን ጨረሩ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ጉልበቱን ግን አይቀይርም። በብዙ ላብራቶሪ የሚሠራበት የመዳብ ጨረር በ0.154 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ይገባል፤ በዚያው ይወጣል።

በክሪስታል ውስጥ አቶሞች በሥርዓት ተደርድረዋል። አሁን በእነሱ ቦታ በረድፍ ቆመው አንድ ኖታ የሚያዜሙ ብዙ ሰዎችን አስቡ። በአንዳንድ አቅጣጫ ድምፃቸው ተደምሮ ይጎላል፣ በሌላው እርስ በርስ ይጠፋፋል። የጎላበት አቅጣጫ ፒኩ ነው። ያ ድምፅ የአንድ ሰው አይደለም፣ የሁሉም ነው። በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲቀየር አቅጣጫውም ይቀየራል። የፊዚክስ ሊቁ ሎረንስ ብራግ እ.ኤ.አ. በ1912 ያቀረበው ቀመር ይህንኑ ርቀት ከአንግሉ ያወጣል። ሰዎቹ ባሉበት ቢወዛወዙ ደግሞ ድምፁ ይደክማል እንጂ አቅጣጫው አይሰፋም። ሙቀትም ፒኩን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያሰፋውም። ፒክ የሚሰፋው ክሪስታሎቹ እጅግ ትንንሽ ሲሆኑ ወይም ውስጣቸው ሲዛባ ነው። መሣሪያው ራሱም ያሰፋዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ የመሣሪያውን ድርሻ በመደበኛ ናሙና (ራሱ ፒክ እንደማያሰፋ በሚታወቅ ናሙና) ሳትለኩ የክሪስታል መጠን አታስሉ።

ፎቶ ያልሆነበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጨረሩን የሚቀበለው ዲቴክተር የሚመዘግበው ብርታቱን ብቻ ነው። የትኛው ሞገድ ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደደረሰ፣ ማለትም ፌዙ፣ ይጠፋል። ያለ ፌዝ ከግራፉ ወደ አቶሞቹ ቦታ በቀጥታ መመለስ አይቻልም። ፌዙን በስሌት መፈለግ፣ ወይም መዋቅር ገምቶ የሚያወጣውን ግራፍ ከተለካው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ግራፎቹ ገጠሙ ማለት ደግሞ የገመትነው መዋቅር የግድ ልክ ነው ማለት አይደለም። በተለይ ሃይድሮጂን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው በከባድ አቶሞች መሀል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ቦታውን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው በኤክስሬይ ፈንታ የኒውትሮን ጨረር ይጠቀም።