ኤፒስታሲስ ምንድን ነው? የትል ዕድሜና የጂኖች ሽርክና

«ዕድሜ የሚያረዝም ጂን ተገኘ» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር «ከማን ጋር ሲሆን?» ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። አንዳንዴ አንድ ጂን የሚያመጣው ለውጥ የሚወሰነው በሌላ ጂን ነው። ኤፒስታሲስ የሚባለው ይኸው ነው። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ጥርት አድርጋ የምታሳየን ደግሞ አንዲት ትንሽ ትል ናት።

ሲ. ኤሌጋንስ ትባላለች፤ ከድቡልቡል ትሎች ወገን ናት። ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰውነቷ ብርሃን ያሳልፋል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሁለት ሦስት ሳምንት ኖራ ትሞታለች። የሰውን ዕድሜ ላጥና ያለ ተመራማሪ ውጤቱን ሳያይ ጡረታ ይወጣል፤ የእሷን ግን በወር ውስጥ ይጨርሳል።

አለካኩን ሳስበው ያስቀኛል። ትሎቹ ባክቴሪያ በተዘራበት ክብ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይኖራሉ። ተመራማሪው በማይክሮስኮፕ እያየ በቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ ነካ ነካ ያደርጋቸዋል። ከተንቀሳቀሰች በሕይወት አለች። ደጋግሞ ነክቷት ዝም ካለች ሞታለች ተብሎ ይመዘገባል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ1993 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኬንዮንና ባልደረቦቿ ዳፍ-2 የተባለ ጂን የተዳከመባቸው ትሎች ከሌሎቹ እጥፍ ያህል እንደሚኖሩ አሳዩ። ዓለም ያወራው ይህንን ነው። ለእኔ ግን የጥናቱ ጣፋጭ ክፍል ሌላው ነው፦ ዳፍ-16 የሚባለው ጂን ከሌለ ያ ሁሉ ትርፍ ዕድሜ ድራሹ ይጠፋል።

ለምን? ጂን ፕሮቲን ያሠራል፤ የዳፍ-2ን ፕሮቲን እንደ ዘበኛ አስቡት። ኢንሱሊን መሰል መልእክት ሲደርሰው፣ የዳፍ-16 ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ (ጂኖቹ ወዳሉበት እምብርት) እንዳይገባ ያስከለክላል። ዳፍ-16 ደግሞ ሠራተኛው ነው፤ ከገባ ሕዋስን ከጉዳት የሚከላከሉ ብዙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ዘበኛው ሲዳከም ሠራተኛው ገብቶ ሥራውን ይጀምራል። ሠራተኛው ራሱ ከሌለስ? በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት ምን ዋጋ አለው!

ከዚህ ውጤት ብቻ ማን ከማን በኋላ እንደሚሠራ ማወቅ ተችሏል። የሁለቱ ጂኖች ፕሮቲኖች ምን እንደሆኑ የታወቀው በኋላ፣ በ1997 ነው። ፕሮቲኑን ሳያዩ፣ ሁለት ጂኖችን አንድ ላይ በማበላሸት ብቻ የሥራ ቅደም ተከተላቸውን ማንበብ! እንደ መርማሪ ሥራ ነው።

ሁሉም ጂን ግን በዚህ በር አያልፍም። ኢት-2 የተበላሸባት ትል ምግብ በደንብ መዋጥ ስለሚያቅታት ትንሽ ትበላለች፤ ዕድሜዋም ይረዝማል። ዳፍ-16 ባይኖርም ይረዝማል። መንገዷ ሌላ ነው ማለት ነው።

ሂሳቡን ጨርሶ የሚያፈርስም አለ። በ2013 የወጣ ጥናት ዳፍ-2ን እና አርኤስኬኤስ-1 የተባለውን ጂን አንድ ላይ አዳከመ። የመጀመሪያው ብቻውን ሲዳከም ዕድሜን እጥፍ ያደርጋል። የሁለተኛው ድርሻ ለብቻው ጥቂት ነው። ሲደመሩ ከሁለት እጥፍ ትንሽ ከፍ ይላል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ትሎቹ ግን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ኖሩ። መደመር አይደለም፤ አንዱ ሌላውን አባዛው።

ትሏ ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ያህል ጂኖች አሏት። ሁለት ሁለቱን እናጣምር ብንል ጥንዶቹ 200 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ያቺን የፕላቲኒየም ሽቦ ይዞ ለሚቀመጠው ሰው አዘንኩለት።