የኮፒ ቤት ብሮውዘርና የሰው ገመና

ከአዲስ አበባ መሀል ራቅ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ የሕንጻው ግራውንድ ላይ ነው። ኮፒ ቤት ይባል እንጂ ሥራው ብዙ ነው። ሲቪ ይጻፋል፣ የፓስፖርት ማመልከቻ ይሞላል፣ የፈተና ውጤት ይታያል። ዲቪ ሲከፈትማ አይጣል ነው። ስልክ በየሰዉ እጅ አለ፤ ረጅም ፎርም መሙላትና ፕሪንት ማድረግ ሲመጣ ግን እግር ወደዚያው ያመራል። ስለዚህ አንዱ ብሮውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም፣ በቀን የስንቱን ሰው ገመና ያያል።

ብሮውዘር ሰውን የሚያስታውሰው በኩኪ ነው። ዌብ ሲጀመር ማስታወስ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲኬድ ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያው ሰው መሆኑን አያውቅም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1994 ብሮውዘር ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ ሉ ሞንቱሊ በኩኪ ፈታው። ኩኪ አጭር ጽሑፍ ነው። ድረ ገጹ ይሰጣል፣ ብሮውዘሩ ያስቀምጣል፣ ወደዚያ ድረ ገጽ በተመለሰ ቁጥር ያሳያል። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ሲቀመጥ የሚሰጠው ቁጥር በሉት፤ ቁጥሩን የያዘ ቦርሳውን ይወስዳል። ኢሜይሉን ከፍቶ ሎግ አውት ሳያደርግ የወጣ ሰው ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄዷል።

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብሮውዘር መስኮት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን መስኮት አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ሳፋሪ በሚባለው ብሮውዘሩ ላይ አመጣው፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2008 ክሮምን ሲያወጣ አብሮ አስገባው። መስኮቶቹ ሲዘጉ ሂስትሪውና ኩኪው ይጠፋል። የተሠራው ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ለመደበቅ ነው። ሰዉ ግን የሚጠቀምበት በተቃራኒው ነው። ኮፒ ቤት ሲሄድ ይረሳዋል፤ ማንም በማይነካው በራሱ ስልክ ላይ ከፍቶት ከቴሌ የተደበቀ ይመስለዋል። አልተደበቀም። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም፣ መስመሩን የሰጠው ኩባንያ የትኛው ድረ ገጽ እንደተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ማየት ይችላል። የድረ ገጾች የምስጢር መጠበቂያ የሆነው ኤችቲቲፒኤስ የሚሸፍነው ውስጡን ነው፦ የተነበበውን፣ የተጻፈውን፣ ፓስወርዱን። ድረ ገጾቹም ቢሆኑ ማየታቸውን አይተዉም። ጉግል በዚሁ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ በ2020 ተከሶ ነበር። በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በኢንኮግኒቶ የሰበሰበውን መረጃ ሊሰርዝ ተስማምቷል።

እኔን ከኩኪም ይልቅ የሚያሳስበኝ የዳውንሎድ ፎልደሩ ነው። ኢንኮግኒቶ ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል አይሰርዝም። ለፕሪንት በቴሌግራም የተላከ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ስቴትመንት እዚያው ይከማቻል። የሰው ሁሉ ፍላሽ ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የኮፒ ቤቱ ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። ፋታ የለውም። ደንበኛውም ራሱ «ነገ ሌላ ኮፒ እፈልጋለሁ፣ እንዳታጠፋው» ብሎት ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል፤ አዋጅ ግን መጥቶ ሪሳይክል ቢን አይደፋም።

አካውንቱን ከፍቶ የወጣ ሰው ኮፒ ቤቱ ድረስ መመለስ የለበትም። በስልኩ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ከፍቶ የኮፒ ቤቱን ኮምፒውተር ማስወጣት ይችላል። የጉግል አካውንትም እንዲሁ ነው። ብሮውዘሩ ፓስወርዱን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠይቆ እሺ ከተባለ ግን ማስወጣት ብቻ አይበቃም። ፓስወርዱ ራሱ መቀየር አለበት።