የፈተና ውጤት ወረደ ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፈተና ውጤት በመተንተን ሥራ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ ውጤት ይፋ በሆነ ማግሥት የሚቀርብልኝ ጥያቄም ከዓመት ዓመት አልተለወጠም። «ዘንድሮ አማካዩ በሦስት ነጥብ ወርዷል፤ ልጆቹ ምን ነካቸው?» ጠያቂው መልሱን ይዞ ስለሚመጣ፣ ጥፋቱ የስልክ፣ የስንፍና ወይም የመምህራን ቸልተኝነት መሆኑን እንዳጸድቅለት ብቻ ይጠብቃል። እኔ ግን ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ ዘንድሮ የተፈተኑት እነማን ናቸው?

አማካይ ከወረደ ተማሪው ደክሟል የሚለው እምነት ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደውና እኔንም ከሁሉም ይበልጥ ያሰለቸኝ ነው። ከ100 ተፈታኞች መካከል የተሻለ ድጋፍ ያገኙት 80ዎቹ በአማካይ 70፣ ድጋፍ ያጡት 20ዎቹ ደግሞ 40 አመጡ እንበል፤ አጠቃላይ አማካዩ 64 ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትምህርት ዕድል ሰፍቶ ሁለቱ ወገኖች እኩል 50፣ 50 ሆነው ሲፈተኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ወደ 72፣ ሁለተኛዎቹም ወደ 45 ከፍ ቢሉ አማካዩ 58.5 ላይ ያርፋል። ሁለቱም ወገኖች ተሻሽለው ሳለ የሁለቱ የጋራ አማካይ ወረደ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የሲምፕሰን ፓራዶክስ የሚሉት ይህንን ነው፤ ለመረዳትም ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አይጠይቅም።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ለኮሌጅ መግቢያ የሚሰጠው የኤስኤቲ ፈተና የቋንቋ ክፍል አማካይ እ.ኤ.አ. በ1963 478 የነበረው በ1980 ወደ 424 ወርዶ ነበር። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ሪፖርት፣ እስከ 1970 አካባቢ ለታየው ቅናሽ ዋናው ምክንያት ፈተናውን የሚወስዱ ተማሪዎች ስብጥር መለወጡ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለታየው ግን ሌሎች ምክንያቶች መፈለግ እንዳለባቸው ገልጿል። የሁለተኛው አጋማሽ ድምዳሜ ሲጠቀስ ብዙም አልሰማሁም፤ ምናልባት ሰው ከዓረፍተ ነገር ግማሹን ብቻ መያዝ ስለሚቀለው ይሆናል።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። አንድ ርእሰ መምህር የትምህርት ቤታቸው አማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ እጅግ ስላደገ ተመስግነው ነበር። የተመዘገቡትንና የተፈተኑትን ዝርዝር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ ደከም ያሉት ተማሪዎች «ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጅታችሁ ብትቀርቡ ይሻላል» እየተባሉ መቅረታቸውን አየሁ። ስለዚህ አማካዩን ከማንበባችሁ በፊት ስንት ተማሪ ተመዘገበ፣ ስንቱ ተፈተነ፣ ስንቱስ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ፤ ውጤቱን በየወገኑ ለዩት፤ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ያሉት ተማሪዎች በየፊናቸው ወዴት እንደሄዱ ተመልከቱ። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ብዙ ስብሰባዎች ግን ይህ ሳይደረግ ተጀምረው ያልቃሉ።

ይህን ስል ውጤት በእውነት አይወርድም ማለቴ እንዳይመስል። የ15 ዓመት ተማሪዎችን በናሙና የሚፈትነው ፒሳ የተባለ ዓለም አቀፍ ፈተና፣ በኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) አባል አገሮች ከ2018 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በሒሳብ 15 ነጥብ ያህል፣ በንባብ 10 ነጥብ ያህል ቅናሽ አሳይቷል። ሁሉም በወረርሽኙ የመጣ ነው የሚሉ ግን ይቸኩላሉ፤ በንባብ የቁልቁለቱ ጉዞ ከዚያ በፊት ጀምሮ ነበር።

«አምና 60 ከመቶ፣ ዘንድሮም 60 ከመቶ፤ ስለዚህ ለውጥ የለም» የሚለውም ስሕተት ነው። ጥያቄዎቹ ተለውጠዋልና። ሁለት ዓመታትን ማወዳደር የሚቻለው በሁለቱም ፈተናዎች ውስጥ የጋራ ጥያቄዎች ሲካተቱና ውጤቱ በእነርሱ አማካይነት በአንድ መለኪያ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ውጤት ከፍ ማለቱ ብቻውን መማርን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ካኔል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ 50ዎቹም ግዛቶች ተማሪዎቻቸው ከአገሪቱ አማካይ በላይ እንደሆኑ መናገራቸውን አጋለጠ። ሁሉም ከአማካይ በላይ ሊሆን የቻለው ንጽጽሩ ከዓመታት በፊት ከተፈተኑ ተማሪዎች ጋር ስለነበረና ያው ፈተና ተደጋግሞ ስለተሰጠ ነው።

ፐርሰንታይል 60 ማለት ተማሪው ከመቶ ጥያቄ 60ውን መለሰ ማለት ሳይሆን ከተፈታኞች 60 በመቶውን ያህል በለጠ ማለት ነው። አንድ አገር በደረጃ ሰንጠረዥ ዝቅ ማለቱም ውጤቱ መቀነሱን አያሳይም፤ አዳዲስ ተወዳዳሪዎች ገብተው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። ሃያ ያህል ተማሪዎች ብቻ ያስፈተነ አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት የምስጋና ምስክር ወረቀት፣ በተከታዩ ዓመት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል፤ መምህራኑም መጻሕፍቱም ያው ነበሩ። በሃያ ተማሪ አማካይ ላይ ሦስት ጎበዞች መግባታቸው ወይም ሁለት ልጆች ታመው መፈተናቸው ብቻ ቁጥሩን ሊያናውጠው ይችላል። እንዲህ ላለው ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ውጤት ተደምሮ ካልታየ በስተቀር ምስጋናውም ማስጠንቀቂያውም ሊጻፍ አይገባም ነበር።