እንቅርትና የታይሮይድ ካንሰር፦ በጅማ አካባቢ አዋቂዎችን ለበሽታው የሚያጋልጡ ሁኔታዎች

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል የሀገራችን ሰው፣ በመከራ ላይ ሌላ መከራ ሲደረብበት። ተረቱ እንቅርትን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንገቱ ያበጠ ሰው በየመንደሩ ስለነበረ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ዛሬም በሻሿ ጫፍ አንገቷን የምትሸፍን እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ስለ ታይሮይድ ካንሰር አጋላጭ ሁኔታዎች ስናነሳ መነሻችን ይኸው እንቅርት ሊሆን ይገባል፤ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከለመድነው እብጠት ጀርባ ነውና።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች፣ ከአየር ቧንቧው ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ እጢ ነው። ከምግብ የሚያገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ የሰውነትን የኃይል አጠቃቀም የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ይሠራል። ሕዋሳቱ ከቁጥጥር ውጪ ሲባዙ ካንሰር ይከሰታል። ከአራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ፓፒላሪ የሚባለው ይበዛል፤ በዓለም ላይ ከአሥር የታይሮይድ ካንሰሮች ስምንቱ ገደማ እሱ ነው። ፎሊኩላር ይከተለዋል። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው በአብዛኛው ይድናሉ። ሜዱላሪና አናፕላስቲክ በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ አናፕላስቲክ ግን በሳምንታት ውስጥ አድጎ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ እጅግ ከባድ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 821 ሺህ ያህል ሰዎች አዲስ የታይሮይድ ካንሰር እንደያዛቸው ይገመታል።

ሴት መሆን ራሱ አንዱ አጋላጭ ነው። በበሽታው ከሚያዙ አራት ሰዎች ሦስቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ሴቶችን ብዙ ጊዜ የሚያገኛቸው በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ፣ ወንዶችን ደግሞ ዘግየት ብሎ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ነው። ይህ ማለት ግን የወንድ አንገት ላይ የወጣ እብጠት ይናቃል ማለት አይደለም። እንዲያውም ወንድ ላይ የተገኘ እብጠት ካንሰር ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከሴቷ ከፍ ይላል።

ለእኛ አካባቢ ዋናው ጉዳይ አዮዲን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናብ የማይርቃት ሀገር ናት። ለቡናውና ለደኑ በረከት የሆነው ይህ ዝናብ ከተራራማ ቦታ አፈር ውስጥ አዮዲኑን እያጠበ ይወስዳል። አፈሩ ያጣውን ሰብሉም ያጣል፤ በቆሎው፣ ጎደሬው፣ እንሰቱ፣ ላሟ የምትግጠው ሣር ሁሉ። አዮዲን ሲያንስ አንጎል ታይሮይድን «ሥራ፣ ሥራ» እያለ የሚያዝበትን ሆርሞን ያበዛል፤ እጢውም በዚህ ግፊት ብዛት ያብጣል፣ ይቋጠራል። እንቅርት የሚባለው ይህ ነው። አዮዲን በሚያንስበት ሀገር ፎሊኩላርና አናፕላስቲክ የተባሉት ዓይነቶች ድርሻቸው ከፍ ይላል፤ አዮዲን ሲዳረስ ደግሞ ፓፒላሪ ያመዝናል።

መፍትሔው በጨው በኩል መጣ። የድሮዋ ሂርማታ፣ የአባ ጅፋር ጅማ ትልቁ ገበያ፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚዞርባት ነበረች፤ ያ አሞሌ ግን አዮዲን አልነበረውም። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ዘልሏል። ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በቂ መሆኑ ለየቅል ናቸው፤ አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል።

ይህች ጥቂት አዮዲን ደግሞ በቀላሉ ትባክናለች። ገበያ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተከፍቶ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የዋለ ጨው ብዙውን አጥቷል። ቤት ከገባ በኋላም ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። በጅማ ገጠር ቡና በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ጨውን ከጀበናው ጋር ከማፍላት ቡናው ሲኒ ላይ ከተቀዳ በኋላ ጣል ማድረግ አዮዲኑን ያተርፋል። ወጥም ላይ ቢሆን መጨረሻ ላይ፣ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው። ጨው እናብዛ ማለት ግን አይደለም፤ ለደም ግፊት ጠንቅ ነውና ያችኑ ጥቂቷን በክዳን መጠበቅ ነው የሚሻለው።

ሰዎች ለእንቅርት ምክንያት አድርገው ሸክምን ሲያነሱ ይሰማል። ሸክም እንቅርት አያመጣም። ጥቅል ጎመንና ካሳቫ ግን እጢው አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚሻሙ ነገሮች አሏቸው፤ ጉዳታቸው የሚታየው አዮዲን አስቀድሞ ባነሰበት ሰው ላይ ነው እንጂ ጎመን የበላ ሁሉ አይታመምም።

እንቅርት ካንሰር አይደለም። ይህን ደጋግሞ መናገር ይገባል፤ ፈርተው ሐኪም ቤት የሚሸሹ ብዙዎች ናቸውና። በታይሮይድ ላይ ከሚገኙ ቋጠሮዎች ካንሰር ሆነው የሚወጡት ከአሥር አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ሆኖም ለዓመታት የቆየ ቋጠሮ ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ አናፕላስቲክም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዕድሜያቸው ከ60 ባለፈ፣ እንቅርቱን ለረጅም ጊዜ ተሸክመው በኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ምርመራው ሲጀመር ሐኪሙ አንድ ኩባያ ውኃ ይሰጣል። «እናቴ፣ እስቲ ጎንጨት ይበሉና ይዋጡት» ይላል፣ ዓይኑን ከአንገታቸው ሳይነቅል። እብጠቱ ከመዋጡ ጋር አብሮ ሽቅብ ከወጣ ከታይሮይድ የተነሳ ነው። ቀጥሎ በጣቱ ይዳስሳል፦ ይለሰልሳል ወይስ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል? ይንቀሳቀሳል ወይስ ሥር ሰድዷል? በአንገት ጎን ሌላ ፍሬ አለ?

ጨረር በማያሻማ ሁኔታ ከተረጋገጡት አጋላጮች ዋነኛው ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን በልጅነት ያገኘውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ በጨረር የተበከለ ወተት የጠጡ ሕፃናት ከዓመታት በኋላ በብዛት በታይሮይድ ካንሰር ተያዙ፤ አዮዲን አንሷቸው የነበሩት ደግሞ የባሰ ተጎዱ፣ የተራበው እጢያቸው ጨረር ያለውን አዮዲን ስቦ ወስዷልና። ዛሬ ለአዋቂ የሚቀርበው ጥያቄ በልጅነትዎ ጭንቅላትዎ፣ አንገትዎ ወይም ደረትዎ ላይ የጨረር ሕክምና ወስደው ያውቃሉ የሚለው ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚነሳ የደረት ራጅ ጨረሩ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ያንን ፈርቶ ራጅ አልነሳም ማለት ሌላ አደጋ መጥራት ነው።

ዘርም አለበት። ወላጁ፣ እህቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው አደጋው ከፍ ይላል። በግልጽ የሚወረሰው ሜዱላሪ ነው፤ ከእነዚህ ሕሙማን አንድ አራተኛ ያህሉ ሬት በተባለ ዘረ መል ላይ የደረሰ ለውጥ ይዘው የተወለዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ወላጅ ለውጡን ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ይህኛው ከአዮዲን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከመጠን ያለፈ ውፍረትንም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ13 ካንሰሮች ጋር ሲያቆራኘው ታይሮይድ አንዱ ነበር።

ደቡብ ኮሪያ ምንም ስሜት የሌላቸውን ሰዎች አንገት በአልትራሳውንድ በብዛት ስትመረምር በሽታው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 ባለው ጊዜ 15 እጥፍ ጨመረ፤ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተለወጠም። ይገኙ የነበሩት፣ ሳይነኩ ቢቀሩ የማይጎዱ ጥቃቅን ካንሰሮች ነበሩ። ስለዚህ አንገቱ ደህና የሆነ ሰው ሁሉ ይመርመር አይባልም። የእኛ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እብጠቱ በግልጽ እየታየ ዓመታት ያልፋሉ፤ በመሀል በጋለ ብረት ተተኩሶ ጠባሳ ይዞ የሚመጣም አለ። መተኮስ ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ እጢውን አያከስመውም።

ሳይዘገይ መታየት ያለበት ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ወይም የጠጠረ እብጠት፣ ሳምንታት ያለፈው የድምፅ መጎርነን፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር፣ በአንገት ጎን የወጣ ፍሬ ነው። ከጤና ጣቢያ ተልኮ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ሌላ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ ሰው የደም፣ የአልትራሳውንድና በቀጭን መርፌ የሚወሰድ የናሙና ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል። መርፌው ፓፒላሪን በደንብ ይለያል፤ ፎሊኩላር ሲሆን ግን ጉዳት የሌለውን ከካንሰሩ ለመለየት እጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ መታየት አለበት። ለምርመራ ሲመጡ አንገትን የሚያሳይ የቆየ ፎቶግራፍ ካለ መያዝ ጥሩ ነው፤ የመታወቂያም ሆነ የሠርግ ይሁን፣ እብጠቱ መቼ እንደጀመረና ምን ያህል እንዳደገ ለሐኪሙ ያሳየዋል።