መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት ምንድን ናቸው?

ሰኔ ላይ አራት ኪሎ ፓርላማ ውስጥ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «ለስፔስ ሳይንስ የተያዘው በጀት ያንሳል» ቢል፣ የትኛው በጀት ብሎ መጠየቅ ይገባል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚያዘው በሁለት ቋት ነው። መደበኛው ደመወዝ፣ መብራት፣ ነዳጅ፣ ጥገና የመሳሰለውን ይሸፍናል። ካፒታሉ ለግንባታ፣ ለትልልቅ መሣሪያ፣ መነሻና ማብቂያ ላለው ፕሮጀክት ነው (ሪባን የሚቆረጠውም ለዚህኛው ነው)።

ሳተላይት ማሠራት በጠባዩ የካፒታል ወጪ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣባትና ወደ 6 ሚሊዮኑን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተነግሯል። ከመጠቀች በኋላ ያለው ሥራ ግን የመደበኛው ነው። እንዲህ ያለች ሳተላይት ከአንድ መቀበያ ጣቢያ ጋር የምትገናኘው በአናቱ ስታልፍ ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። በዚያች ደቂቃ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ከሌለው ምስሉ አይወርድም፣ ሌላ ዙር መጠበቅ ግድ ይሆናል። የሠለጠነ መሐንዲስ ደመወዙ አልበቃው ብሎ ቢለቅ ደግሞ ክፍተቱ የሚሞላው በወራት ነው።

ካፒታሉም የራሱ ጣጣ አለው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። የውጭ ዕቃ ግዥ ጨረታ አለው፣ የውጭ ምንዛሪ አለው፣ ማጓጓዣ አለው። አንዱ ከተጓተተ ሰኔ ይደርሳል። ከዚያ በሪፖርቱ ላይ «የካፒታል በጀት አጠቃቀም ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመዘዘውም ይኸው ሐረግ ነው።

በጀት ማጽደቅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 11 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን ነው። ይሁንና ረቂቁ አራት ኪሎ የሚደርሰው ገንዘብ ሚኒስቴር ጣሪያውን (መሥሪያ ቤቱ ሊያልፈው የማይችለውን የገንዘብ መጠን) አስቀምጦ፣ የመሥሪያ ቤቶቹን ጥያቄ ሰምቶና ቆርጦ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ካየው በኋላ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ «ይጨመር» ማለት ብዙም አያስኬድም። በእኛ ግምት ለአባሉ የሚያዋጣው በዓመቱ አጋማሽ፣ ቋሚ ኮሚቴው የአፈጻጸም ሪፖርት ሲያዳምጥ ዘርዝሮ መጠየቅ ነው፦ ከካፒታሉ ስንት ብር ሥራ ላይ ዋለ? የቆመው ግዥ ጨረታ ላይ ነው ወይስ ባንክ? የጣቢያው ነዳጅና ጥገና በየትኛው የሒሳብ መደብ (የወጪ ዓይነት መለያ) ተያዘ?