በአሮጌ ስልክ ላይ የሚሠራ የኤአይ ኤጀንት ምንድን ነው?

ቻትቦት የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ኤጀንት ግን ሥራ ይቀበላል። «ዛሬ ከገቡት ኢሜይሎች አስቸኳዮቹን ለይተህ በቴሌግራም ላክልኝ» ቢሉት ሞዴሉ፣ ማለትም ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚያወጣው ኤአይ፣ መጀመሪያ ምን መደረግ እንዳለበት ይወስናል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ውሳኔውን ተቀብሎ ኢሜይሉን ይከፍታል፣ ያገኘውንም ለሞዴሉ ያቀርባል። ሞዴሉ ቀጣዩን እርምጃ ይመርጣል፤ ሥራው እስኪያልቅ እንዲህ ይቀባበላሉ። ይህ ፕሮግራም በኪራይ ሰርቨር ፋንታ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲጫን ነው ርዕሳችን ላይ ያለው ነገር የሚገኘው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ፕሮግራሙንና ሞዴሉን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለውም። ሞዴሉ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ) በኩል ከሩቅ የሚጠራ ከሆነ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክም አያንሰውም። ያኔ ግን ኢሜይልዎ ለሞዴሉ ባለቤት እየተላከ ስለሆነ «ሁሉም በእጄ ነው» ማለት አይቻልም።

ሞዴሉንም እዚያው ስልኩ ላይ ማስኬድ ይቻላል። በ2023 የወጣው ላማ ሲፒፒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ በእጅጉ ይጠቅማል። 1 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የተማራቸው ቁጥሮች) ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር በ16 ቢት ሲቀመጥ 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ ከግማሽ ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ቦታው ይበቃል፤ ፍጥነቱ ነው የሚያስቸግረው። ሞዴሉ አንዲት የቃል ቁራጭ ለማውጣት ሙሉ ፋይሉን ማለት ይቻላል ከራም ላይ ያነብባል፤ የአሮጌ ስልክ ራም ደግሞ ዘገምተኛ ነው። በዚያ ላይ ለኤጀንት የሚሰጠው የመሣሪያ (ኢሜይል መክፈትን የመሰለ ሊጠራው የሚችለው ተግባር) ዝርዝርና መመሪያ ረጅም ስለሆነ፣ ገና እሱን አንብቦ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ። ትንንሽ ሞዴሎች ትዕዛዝ ሲጽፉ መዝጊያ ቅንፍ ይረሳሉ፣ የሌለ መሣሪያም ይጠራሉ። በእኔ እይታ መልእክት ለመመደብ ይሆናሉ፤ አምስት ስድስት እርምጃ ላለው ሥራ ግን አይታመኑም።

አጫጫኑ ብዙ አያስቸግርም። አንድሮይድ 7 እና ከዚያ በላይ በሆነ ስልክ ላይ ተርመክስ የተባለውን መተግበሪያ ከኤፍ-ድሮይድ (የነጻ መተግበሪያዎች ማከማቻ) አውርዶ በውስጡ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን ማስኬድ ነው። ቴሌግራም ቦት ከተጠቀሙ ስልኩ ራሱ አዲስ መልእክት እየጠየቀ ስለሚያመጣ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ አያስፈልገውም። ፈተናው አንድሮይድ ከጀርባ የሚሠራን ፕሮግራም መግደል መውደዱ ነው፤ ዌክ ሎክ (ስልኩ እንዳይተኛ የሚያደርገውን ቅንብር) ማብራትና ተርመክስን ከባትሪ ቁጠባ ነጻ ማድረግ ግድ ይላል። አንድሮይድ 12 በዚህ ላይ ከጀርባ በሚሠሩ ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ብዛት ላይ አዲስ ገደብ ስለጨመረ፣ አንዳንዴ አሮጌው ስልክ ከአዲሱ ይሻላል!

ቀንና ሌሊት ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ በሙቀት ሊያብጥ ስለሚችል ጀርባውን አልፎ አልፎ መፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚህ የባሰው የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። ስልኩ የደኅንነት ማሻሻያ ካቆመ ቆይቷል፤ ኤጀንቱ ደግሞ ከማያውቁት ሰው የመጣ ኢሜይል ውስጥ «የይለፍ ቃሎቹን ላክልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኘ እንደ ትዕዛዝ ሊቀበለው ይችላል። ስለዚህ ዋናውን አካውንትዎን አይስጡት፤ መላክና መሰረዝም እርስዎ ሲያጸድቁ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ።